የአገራችን የመድኃኒት ዕፀዋት በላቦራቶሪ እንዴት ይፈተናሉ?

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባለው አገር ልጅ ጭርት ሲይዘው እናቱ የብሳና ቅጠል ቀንጥሳ የሚወጣውን ፈሳሽ ብትቀባው እንግዳ ነገር አይደለም። በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራራዎች ከፍ ሲባል ደግሞ ጦስኝ ለሳል ተፈልቶ ይጠጣል። ይህን ልማድ አንዳንዶቻችን «ጥንታዊ ነውና እውነት ነው»፤ ሌሎቻችን «ያልተማረ ሰው ወሬ ነው» እያልን ሳንመረምር እንፈርድበታለን። ሁለቱም ፍርድ ሳይንስ አይደለም። ስለዚህ ፈተናው እንዴት እንደሚካሄድና ውጤቱ ምን ያህል እንደሚያስረዳ ባጭሩ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ የተክሉ የሳይንስ ስም በዕፀዋት ዐዋቂ ይረጋገጣል፤ በአንድ የአማርኛ ስም በልዩ ልዩ ቦታ ልዩ ልዩ ተክል ሊጠራ ይችላልና። ከዚያም በጥላ ደርቆ ይፈጫል፤ በውሃ ወይም በሜታኖል ተዘፍዝፎ ይጣራል፤ ፈሳሹ ተንኖ የቀረው ይመዘናል። ባክቴሪያው፥ ለምሳሌ ቁስልን የሚያመግለው ስታፊሎኮከስ አውሬውስ፥ አጋር በተባለው ማብቀያ ላይ ይዘራል፤ በመድኃኒቱ የተነከረ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀትም ይቀመጥበታል። ከ18 እስከ 24 ሰዓት በሙቀት ከቆየ በኋላ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያው ያልበቀለበት ቀለበት ከታየ ይለካል። ጭርት የሚያመጡት ፈንገሶች ግን አዝጋሚ ስለ ሆኑ ብዙ ቀን ይጠበቃሉ። ሜታኖል ብቻ የነካው ወረቀትና የታወቀ መድኃኒት ያለበት ወረቀትም አብረው ይቀመጣሉ፤ አለዚያ እድገቱን የገታው ተክሉ ይሁን ሜታኖሉ አይለይም።

ይሁን እንጂ ቀለበቱ ሰፊ ስለ ሆነ ብቻ መድኃኒቱ ብርቱ ነው ማለት አይደለም፤ ስፋቱ መድኃኒቱ በአጋሩ ውስጥ ለመስረግ ባለው ችሎታም ይወሰናልና። በጦስኝ ዘይት ውስጥ የሚገኙት ቲሞልና ካርቫክሮል ባክቴሪያንና ፈንገስን እንደሚገቱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከውሃ ጋር በቀላሉ ስለማይዋሐዱ በአጋር ውስጥ በደንብ አይሰርጉም። ስለዚህ በፈሳሽ ማብቀያ ውስጥ መድኃኒቱን እያቀጠኑ እድገትን የሚገታውን ዝቅተኛ መጠን መፈለግ ያስፈልጋል። እንዲሁም ባለመድኃኒቱ በውሃ የሚያዘጋጀውን እኛ በሜታኖል ብናወጣው የፈተንነው የእርሱን መድኃኒት አይደለም።

በሳሕን ላይ የታየ ውጤት ለበሽተኛ እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የፔኒሲሊንን ኃይል በ1928 እ.ኤ.አ. አየ፤ ፍሎሪና ቼይን ከባልደረቦቻቸው ጋር በአይጦች ላይ የፈተኑት በ1940 እ.ኤ.አ. ነው። ተሐዋስያንን የሚገድል ነገር የልጅን ቆዳ ወይም ዓይንም ሊጎዳ ይችላልና ይህ ጥንቃቄ የግድ ነው።

በጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ተክሉም፥ ባለመድኃኒቱም፥ ላቦራቶሪውም ባንድ አገር ይገኛሉ። እንግዲህ ከእኛ የሚጠበቀው የአዘገጃጀቱን ሥርዓት ከባለቤቱ በአክብሮት ጠይቆ መጻፍ፥ እንደ እርሱ አዘጋጅቶ መፈተን፥ ቀለበት ያልታየበትንም ውጤት ሳይደብቁ ማስታወቅ ነው።