«ሰማዩ ነጥቷል»፦ የሳኦ ፓውሎ የትርፍ ጊዜ ፎቶ አንሺዎች

ገርትሩደስ አልትሹል ከባሏ ጋር ለሴቶች ባርኔጣ ማስጌጫ የሚሆን ሰው ሠራሽ አበባ እያመረተች የምትተዳደር ሴት ነበረች። በርሊን የተወለደች አይሁዳዊት ናት፤ ናዚዎችን ሸሽታ ብራዚል የገባችው በ1939 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1953 አንድ ቅጠል ፎቶ አነሳች። በፎቶው ውስጥ ሰው የለም፣ ቤት የለም፣ የሚተረክ ነገርም የለም። ዓይን የሚይዘው የቅጠሉ ጅማት ነው። «ፊሊግራና» አለችው፤ አንጥረኞች ከቀጭን የወርቅና የብር ክር በሚሠሩት ጌጥ ስም። ቀኑን ሙሉ የውሸት አበባ ስትሠራ የምትውል ሴት እውነተኛ ቅጠል ላይ እንዲህ ማፍጠጧ አይገርምም። ፎቶው ዛሬ በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በሞማ ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

አልትሹል በ1952 የተቀላቀለችው ማኅበር ፎቶ ሲኔ ክለብ ባንዴይራንቴ ይባላል። በ1939 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ የተቋቋመ፣ ፎቶ ማንሳት የሚወዱ ሰዎች ክለብ ነው። «ሲኔ» የሚለው ቃል የተጨመረው ፊልም ሠሪዎችም ሲገቡበት ነው። አባላቱ አብዛኞቹ እንጀራቸውን ከሌላ ሥራ የሚበሉ ነበሩ። ከ1943 ጀምሮ ክለቡን ለአርባ ዓመታት ከዚያም በላይ በፕሬዚዳንትነት የመራው ኤድዋርዶ ሳልቫቶሬ ጠበቃ ነው። ዤርማን ሎርካ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ዤራልዶ ዴ ባሮስ የባንክ ጸሐፊ፣ ዦዜ ኦይቲሲካ ፊሊዮ ነፍሳትን በማይክሮስኮፕ የሚያጠና ሳይንቲስት ነበር። ገና በወጣትነቱ የገባው ቶማዝ ፋርካስ ደግሞ ቤተሰቡ የካሜራ ሱቅ ነበረው፤ ዕድለኛ ማለት እሱ ነው።

በእርግጥ ካሜራና ወረቀት መግዛት ለሁሉም የሚቻል አልነበረም። የክለቡ ሰዎች ደኅና ኑሮ ያላቸው ነበሩ፤ ሴቶቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ነገር ግን በጅቷቸዋል። ደንበኛ የላቸውም። የሠርግ ፎቶ አንሺ ሙሽራዋን ከጀርባዋ አንስቶ ቢመጣ ገንዘቡን አያገኝም። የባንክ ጸሐፊው ግን የባቡር ጣቢያን ጣሪያ ዘቅዝቆ ቢያነሳ ደመወዙ አይነካበትም። ከተማዋም የሚነሳ ነገር አላጣችም። በ1950 የሳኦ ፓውሎ ሕዝብ 2.2 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር፤ ሕንፃው በሕንፃ ላይ ይነሳል፣ የኮንክሪቱ ጥላ አስፋልቱ ላይ ይወድቃል። የክለቡ ሰዎች ያንን ጥላ ከሕንፃው እኩል ያነሱት ነበር።

ሥራቸው እንዲህ ይሄዳል። ሥራ በማይገቡበት ቀን በቡድን ሆነው ካሜራቸውን አንግተው ይወጣሉ። ፊልሙን እያንዳንዱ ራሱ ያጥባል፣ ራሱ ያትማል። ከዚያ የታተመውን ፎቶ ይዞ ክለብ ይመጣል። በአባላት መካከል ውድድር አለ፤ አንዳንዴም ሁሉም የሚሠራበት አንድ ርዕስ ይሰጣል። ፎቶዎቹ ፊት ለፊት ተሰቅለው፣ አነሳሱ፣ ብርሃኑ፣ አስተታተሙ አንድ በአንድ ይተቻል። ከ1946 ጀምሮ የሚወጣው የክለቡ መጽሔትም ውጤቱን፣ ሒሱንና የቴክኒክ ትምህርቱን ያትም ነበር።

እኛ ዘንድ ፎቶ ለወዳጅ ሲታይ የሚጠበቀው መልስ የታወቀ ነው፦ «ያምራል፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው።» ምርቃቱ ደስ ይላል፤ ባለፎቶው ግን ነገ ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም። በክለብ ዓለም የታወቀው አስተያየት ሌላ ነው። «ሰማዩ ነጥቷል» ይባላል። ለሰሚው ስድብ ይመስላል እንጂ የቤት ሥራ ነው፤ ምክንያቱም የዚያን ዘመን ፎቶ አንዴ ታትሞ ያለቀለት ነገር አይደለም።

ጨለማ ክፍል ገብተን እንየው። ኔጌቲቩ ምስሉን በሚያጎላው መሣሪያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ብርሃን የሚቀበል ወረቀት ተዘርግቷል። ወረቀቱ ብርሃን ባገኘ ቁጥር ይጠቁራል። ሰማዩ በኔጌቲቩ ላይ ደማቅ ጥቁር ስለሆነ ብርሃን እንደ ልብ አያሳልፍም፤ ለዚህ ነው ሲታተም ባዶ ነጭ ሆኖ የሚቀረው። ደመና ኖሮት እንዲወጣ ከተፈለገ ለብቻው ተጨማሪ ሴኮንዶች መስጠት ያስፈልጋል። ስለዚህ አታሚው ምድሩን በካርቶን ወይም በመዳፉ ይጋርድና ብርሃኑ ሰማዩ ላይ ብቻ እንዲቆይ ያደርጋል። እጁ ደግሞ ዝም ማለት የለበትም። ካርቶኑ አንድ ቦታ ከቆመ በሰማዩና በምድሩ መካከል የተቆረጠ መስመር ይታያል፤ ስለዚህ ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ በስሱ ያወዛውዘዋል። ወረቀቱ ኬሚካሉ ውስጥ ገብቶ ምስሉ ቀስ እያለ ብቅ ሲል ነው ልኩን ማግኘቱ የሚታወቀው። ካልሆነ ሌላ ወረቀት ይወጣል። «ሰማዩ ነጥቷል» የተባለ ሰው እንግዲህ ማታውን የሚያሳልፈው እንዲህ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ያንኑ ፎቶ ሰማዩን አጥቁሮ ይዞት ቢመጣ የሚያፍርበት ነገር የለም፤ ጓደኞቹም ልዩነቱን ለማየት የታደሉ ናቸው፣ የፊተኛውን አይተውታልና።

እኔን ከዚህ ሁሉ የሚማርከኝ ይህ ሁለተኛ ዕይታ ነው። ማበረታታት ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው የመጀመሪያውን ጭብጨባ ነው። ክለቡ ግን የሚያበረታታው ድጋሚ በማየት፣ ሰውየው ካለፈው ወር የት እንደደረሰ በማስታወስ ነበር።

ጥሩ የተባለው ፎቶ ከከተማው ይወጣል። በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ የፎቶ ክለቦች «ሳሎን» የሚሉት ዓመታዊ ዐውደ ርዕይ ነበራቸው፤ ባንዴይራንቴም የራሱን ያዘጋጃል። ፎቶው በፖስታ ተጠቅልሎ ይሄዳል፣ ይዳኛል፣ ከተመረጠ ይሰቀላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ያሳየው ክለብ ጀርባው ላይ የራሱን ምልክት ይለጥፍበታል። ለዚህ ነው የዚያ ዘመን ፎቶዎች ጀርባ በባዕድ ከተሞች ስም ተለጣጥፎ የሚገኘው። ፎቶ አንሺው ከቢሮው ወንበር ሳይነሳ ፎቶው አገር ለአገር ዞሯል ማለት ነው።

የዳኞች ዓይን ግን ሁልጊዜ ቅን አልነበረም። ነጥብ የሚሰጥበት ቤት ለነጥብ የሚሠራ ሰው ያፈራል፤ ሳሎኖቹም ጉም፣ ጀልባና የሽማግሌ ፊት አብዝተው ይወዱ ነበር። ዤራልዶ ዴ ባሮስ ሠዓሊም ስለነበር ኔጌቲቩን በመርፌ ይጭራል፣ ቀለም ይቀባል፣ አንዱን ፊልም ደጋግሞ ያነሳበታል። ይህ ፎቶ አይባልም የሚሉ የክለብ ጓደኞች አላጣም። እሱ ግን በ1951 «ፎቶፎርማ» ያለውን ዐውደ ርዕይ በሳኦ ፓውሎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አሳየ። ክለቡም ቢሆን እንደዚያ ያሉትን ሰዎች አላባረረም፤ እንዲያውም በ1950ዎቹ ውስጥ ረቂቅ ቅርጽና ጥላ የብዙ አባላት ፍቅር ሆነ። ሲያጉረመርሙ ተማሩ ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ የጋዜጣ ፎቶግራፍ ዘመን ሆነና የክለብ ሥራ «የትርፍ ጊዜ ጨዋታ» ተብሎ ተረሳ። ብዙው ፎቶ ለረጅም ጊዜ በየቤተሰቡ እጅ ተቀምጦ ቆየ። በግንቦት 2021 ሞማ ከ60 በላይ የሚሆኑትን ሰብስቦ፣ ከ1946 እስከ 1964 ያለውን የብራዚል የፎቶ ክለብ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ዐውደ ርዕይ ከፈተ። የሒሳብ ሠራተኛው ሎርካ ቆይቶ ሥራውን ትቶ የፎቶ ስቱዲዮ ከፍቶ ነበር፤ በዚያው ወር በ98 ዓመቱ አረፈ። ጠበቃው ሳልቫቶሬ፣ አበባ ሠሪዋ አልትሹልና ብዙዎቹ ጓደኞቻቸው ግን ዐውደ ርዕዩን ለማየት አልደረሱም፤ አልትሹል የሞተችው በ1962 ነው።

ክለቡ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ አሁንም አለ። ኮርስ ይሰጣል፣ ያወዳድራል፣ አዲስ አባል ይቀበላል። ሰማይ ለማጥቆር ካርቶን ማወዛወዝ የማይችል ሰውም ይገባል፤ ያ ሥራ አሁን በኮምፒውተር የጥቂት ደቂቃ ነገር ሆኗል።