ክፉ ወሬን መንገር ትምህርት ያስፈልገዋል

በአገራችን ልማድ መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ወደ ኀዘንተኛው ቤት ይሄዳል፤ የሚናገረውም ሰው አስቀድሞ ይመረጣል። ይህም ኀዘኑን ለማስቀረት ሳይሆን፥ ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው።

የሕክምናና የነርስነት ተማሪዎችም እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ሊማሩ ይገባቸዋል። የማይድን ደዌ መኖሩን መንገር መድኃኒት ከማዘዝ የቀለለ ሥራ አይደለምና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ሐዋርድ ባሮውስ የተባሉ ሐኪም፥ ጤነኛ ሰው ሕመምተኛ መስሎ ተማሪዎችን የሚፈትንበትን ዘዴ አስጀመሩ። ዛሬ ተማሪዎች ክፉ ወሬ መንገርንም በዚሁ ዘዴ ይለማመዳሉ፤ በልምምዱ ቢሳሳቱ የሚጎዳ ሕመምተኛ የለም።

በዚያው አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ለነቀርሳ ሐኪሞች የታተመ አንድ ሥርዓት 6 ደረጃ አለው። ይኸውም፦ ጸጥ ያለ ስፍራ አዘጋጅቶ መቀመጥ፤ ሕመምተኛው ስለ ደዌው ያወቀውን መጠየቅ፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መረዳት፤ በግልጥ ቃል መንገር፤ ለኀዘኑ ጊዜ ሰጥቶ ማጽናናት፤ በመጨረሻም ስለ ወደፊቱ አብሮ መምከር ነው።

በብዙ ቤት ግን ዘመዶች ሐኪሙን በር ላይ ጠብቀው፥ «ለእርሱ አይንገሩብን» ይላሉ። ይህ ልመና ከፍቅር የመጣ ነውና ተማሪው ሊንቀው አይገባም። ሆኖም የሚታመመው ሌላ፥ የሚለምነውም ሌላ ነው፤ ስለዚህ ሕመምተኛውን ራሱን፥ «ማወቅ ይፈልጋሉን?» ብሎ ሳይጠይቅ አይለፍ። ደዌውን ማራቅ ባይቻል እንኳ፥ የቃል ጭካኔ እንዳይጨመርበት ማድረግ ይቻላል።