የእማዬ ዝክር

እማዬ በየዓመቱ መስከረም 21 አምባሰልን ወጥታ ግሸን ማርያምን ትሳለማለች። እዚሁ ሐይቅ ያለውን እስጢፋኖስ ገዳም ግን በሩቁ ነው የምታውቀው፤ የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አትገባም። ኅዳር 26 ቀን፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያ ያስተማሩትን አባ ኢየሱስ ሞዓን ቤቷ ትዘክራለች።

ዕለቱ የነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል ዶሮ ብሎ ነገር የለም። ድፎ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ጠላ፤ በቃ። ካህኑ ባርከው ሳይቆርሱት ማንም አይቀምስም። ስልኬን ሳወጣ ራሱ «መጀመሪያ ይባረክ!» ትለኛለች። ከተባረከ በኋላ ደግሞ ዳቦ ብትሉት ታርማችኋለች፤ ጸበል ጸዲቅ ነው። ፍርፋሪው መሬት አይወድቅም፣ «ጠግቤያለሁ» ማለትም አይሠራም።

ዝክሩ ስለት ነው። ታላቅ ወንድሜ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ሲወጣ ወራት ድምፁ ጠፋ። «ድምፁን ካሰማኸኝ በየዓመቱ እዘክርሃለሁ» ብላ ተሳለች። ደወለ፤ መመለስ ግን እስካሁን አልቻለም። እሷ ከየዓመቱ ዳቦ አንድ ቁራሽ አድርቃ በነጭ ጨርቅ ትቋጥርለታለች።

ዘንድሮ በኢሞ ሲደውል ቋጠሮውን ፈትታ አሳየችው። አራት ቁራሽ።

«አስቀምጪልኝ፣ እማ» አለ። ከዚያ ኔትወርኩ ነው ብሎ ካሜራውን አጠፋው።