ሐኪምም አብራሪም፦ የቫለሪ አንድሬ የሥራ ዘመን

ፈረንሳዊቷ ዶክተር ቫለሪ አንድሬ በውጊያ ቀጠና ሄሊኮፕተር ያበረሩ የመጀመሪያዋ ሴት ተብለው ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1922 በስትራስቡርግ ከተማ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው በ1948 በጦር ሐኪምነት ወደ ቬትናም ተላኩ፤ ፈረንሳይ ያን ጊዜ ቅኝ ግዛቷን ላለመልቀቅ እዚያ ትዋጋ ነበር። ዶክተሯ በሳይጎን ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን በቀዶ ሕክምና ይረዱ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ የከበዳቸው ግን ቁስለኛውን ከጫካ አውጥቶ ሐኪም ዘንድ ማድረሱ ነው። በጋይንት ወይም በስማዳ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ገደሉን ወጥቶና ወርዶ መኪና መንገድ ያደረሰ ሰው ይህን ጭንቅ ያውቀዋል።

በ1950 ሄሊኮፕተር ሲበር በሳይጎን አዩና መፍትሔው ይህ እንደሆነ ገባቸው። ፈረንሳይ ተመልሰው ማብረር ተማሩ፤ ወደ ጦርነቱም ተመለሱ።

ያበረሩት ሂለር 360 የሚባል ትንሽ ሄሊኮፕተር ነው። ቁስለኞቹ የሚጫኑት ከውጭ፣ በግራና በቀኝ በታሰሩ ሁለት ቃሬዛዎች ላይ ነው። ሄሊኮፕተር የሚነሳው ከላይ የሚሽከረከሩት ክንፎቹ አየሩን ወደ ታች ሲገፉ ነው፤ አየሩ ሲሞቅ ወይም ቦታው ከፍ ሲል የሚገፋው አየር ይሳሳል፣ የመሸከም አቅሙም ይቀንሳል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ አናት ላይ እንዲህ ያለ ደካማ ሞተር ያለው ሄሊኮፕተር ቁስለኛ ጭኖ መነሳት አይችልም። በሞቃታማው ቬትናምም እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠር ስለነበር፣ የዶክተሯ ሰውነት ቀላል መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነበረው።

ታኅሣሥ 1951 በጥቁር ወንዝ ዳር ካለው የቱ ቩ ምሽግ የድረሱልን ጥሪ መጣ። የተገኘው ብቸኛ ሄሊኮፕተር ሳይጎን ስለነበር ተፈታትቶ በአውሮፕላን ሃኖይ ደረሰ፤ እዚያም እንደገና ተገጣጠመ። ዶክተሯ በጉምና በፀረ አውሮፕላን ተኩስ መካከል በረው አረፉ። ቁስለኞቹን እንደ ጉዳታቸው ለዩ፤ ጊዜ የማይሰጠውን እዚያው ቀደዱና ሰፉ፤ የቀሩትን አስቸኳይ ቁስለኞች ሁለት ሁለት እያደረጉ ወደ ሃኖይ አመላለሱ። ሁለት ሰው ብቻ በሚጭን ሄሊኮፕተር ማን ይቅደም የሚለው ፍርድ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ፈራጇም አብራሪዋም አንድ ሰው መሆናቸው ብዙዎችን አተረፈ። በዚያ ጦርነት በ129 ተልእኮዎች 165 ቁስለኞችን አውጥተዋል። በፓራሹት ወርደውም ቁስለኞችን አክመዋል።

ቀጥሎ በአልጄሪያው ጦርነት አበረሩ። አብራሪውን አሌክሲ ሳንቲኒንም በ1963 አገቡ። በ1976 በፈረንሳይ ጦር የጄኔራልነት ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ከዚያ በኋላ በጦሩ ውስጥ የሴቶችን የወደፊት ቦታ የሚያጠና ኮሚሽን መርተዋል። በጥር 2025 በ102 ዓመታቸው አረፉ።