ግራኝ ተጫዋች ቀላቢ ሊሆን ይችላልን?

በዚህ ዓመት በእኛ በአታት ተማሪዎች መካከል ብዙ ያከራከረው ነገር፥ በሶፍትቦል ጨዋታ ግራኝ ልጅ በቀላቢነት መሰለፍ ይገባታል ወይስ አይገባትም የሚለው ነበር። ክርክሩን ያስነሣው፥ ከመቺው በስተኋላ ቁጢጥ ብላ ኳስ ትቀልብ የነበረች አንዲት የክፍል ጓደኛችን «ግራኝ ስለ ሆንሽ ይህ ቦታ ያንቺ አይደለም» ተብላ ወደ ሜዳው ዳር መላኳ ነው። እኔም ነገሩን መርምሬ ያገኘሁትን ለአንባቢዎች ማስረዳት ወደድሁ።

ቤዝቦልና ሶፍትቦል በአሜሪካ የተስፋፉ ጨዋታዎች ናቸው። አሥመራ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችበት ዘመን፥ በቃኘው ጣቢያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ይጫወቷቸው ነበር። እኛ ግን የምንጫወተው በባሕር ዛፍ በትርና በቴኒስ ኳስ ነው።

ሜዳው እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ሲሆን በየማዕዘኑ አንድ ማረፊያ አለ። ቀላቢው በመነሻው ማዕዘን ላይ ሆኖ ወደ ወርዋሪው ይመለከታል። አንደኛው ማረፊያ በስተቀኙ፥ ሦስተኛው በስተግራው፥ ሁለተኛው ደግሞ ፊት ለፊቱ ይገኛል። ሯጭ ሳይታሰብ ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ሲሮጥ «ሰረቀ» ይባላል፤ ይህን ሌባ በውርወራ ማስያዝ የቀላቢው ተግባር ነው። በቤዝቦል ከመነሻው እስከ ሁለተኛው ማረፊያ 38.8 ሜትር ያህል ነው። ጎበዝ ቀላቢ ኳሷን ከያዘ በኋላ በ2 ሴኮንድ ገደማ እዚያ ያደርሳታል። በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ውስጥ ሯጩ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚጠጋ፥ ትንሽ መዘግየት እንኳ ብዙ ያጐድላል።

አሁን ጂኦሜትሪ የተማረ ሁሉ ወረቀትና እርሳስ ይያዝ። ሰው አጥብቆ ሲወረውር፥ ከሚወረውርበት እጅ ተቃራኒ የሆነውን ትከሻውን ወደ ዒላማው ያዞራል። ስለዚህ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ቀላቢ ወደ ሦስተኛው ለመወርወር 45 ዲግሪ ብቻ ሲዞር፥ ግራኙ 135 ዲግሪ መዞር አለበት። ወደ አንደኛው ሲሆን ነገሩ ተገልብጦ ግራኙ ይቀድማል። ወደ ሁለተኛው ግን ሁለቱም እኩል 90 ዲግሪ ይዞራሉ። እንግዲህ ማዕዘኑ ራሱ ለማንም አያዳላም፤ የሚያዳላው ስርቆቱ ነው። ሯጭ የሚሰርቀው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እንጂ አንደኛውን አይደለምና።

ሌላም ችግር ይጠቀሳል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም መቺ የሚቆመው በቀላቢው ግራ በኩል ስለሆነ የግራኙን ክንድ ያውካል ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን መቺው ግራኝ ሲሆን ቀኝ እጁን የሚጠቀመው ቀላቢም በዚያው ዓይነት ይታወካል፤ ስለዚህ ከቦታህ ተነሣ ያለው ግን የለም! ከዚህ ይልቅ የሚከብደው፥ ከሦስተኛው ማረፊያ ወደ መነሻው የሚገሠግሠውን ሯጭ በኳስ መንካቱ ነው። ሯጩ የሚመጣው በቀላቢው ግራ በኩል ነው፤ የግራኙ ጓንት ደግሞ በቀኝ እጁ ላይ ስለሆነ ክንዱን በደረቱ ላይ አሻግሮ መዘርጋት ግድ ይሆንበታል።

በአሜሪካ ከፍተኛ ሊጎች የሆነውን ብናይ፥ ጃክ ክሌመንትስ የተባለ ግራኝ እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1900 ድረስ ሲጫወት ከ1,000 በላይ ግጥሚያዎች በቀላቢነት ተሰልፏል። ከእርሱ ወዲህ ግን ቦታው ለግራኞች ተዘጋ ማለት ይቻላል። ዴል ሎንግ በ1958፥ ማይክ ስኩዋየርስ በ1980 ሁለት ሁለት ጊዜ፥ ቤኒ ዲስቴፋኖም በ1989 ሦስት ጊዜ ቀልበዋል። ክሌመንትስ ይህን ያህል ዘመን የቆየበት ሥራ ለግራኝ የማይቻል ነው ማለት እንዴት ይሆናል? እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ክንደ ብርቱ ግራኝ ልጅ ሲገኝ አሠልጣኙ ወዲያው ወርዋሪ ያደርገዋል፤ ግራኝ ወርዋሪ እጅግ ይፈለጋልና። ለቀረውም በቀኝ እጅ የሚጠለቅ የቀላቢ ጓንት በቀላሉ አይገኝለትም። ያልተሞከረ ነገር ደግሞ እንደማይቻል ይቈጠራል።

በሶፍትቦል ጉዳቱ ከዚህም ያንሳል። በማረፊያዎቹ መካከል ያለው ርቀት 18.29 ሜትር ብቻ ነው፤ ሯጩም ኳሷ ከወርዋሪዋ እጅ ሳትወጣ ከማረፊያው መልቀቅ አይፈቀድለትም።

በሌሎች ጨዋታዎች ነገሩ ይለያያል። በእጅ ኳስ በቀኝ ክንፍ ለመሰለፍ ግራኝ እጅግ ይመረጣል። በዘመናዊው ሆኪ ግን የግራኝ በትር በሕግ የተከለከለ ነው። የእኛ የገና ጨዋታ ከዚህ ይሻላል፤ ጫፉ የታጠፈውን የገና በትር ከቀኝም ከግራም ቢሰነዝሩት ሩሯን ይመታልና። በማዕድ ላይ በግራ እጅ መጕረስ ነውር መሆኑን ሁላችንም ከልጅነት ተምረነዋል፤ የሜዳው ነገር ግን ሌላ ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም «ግራኝ» በተባለበት እጁ እ.ኤ.አ. በ1529 ሽምብራ ቁሬ ላይ ምን እንዳደረገ የታሪክ መምህራችን ነግረውናል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ልጅቷ ወደ ቦታዋ ትመለስ። ሯጭ በሁለተኛው ማረፊያ ላይ ሲኖር፥ ኳሷን ከመያዟ በፊት ቀኝ እግሯን ጥቂት ወደ ፊት አድርጋ ብትቀመጥ ዙሩ ያጥርላታል። የቀረው ችግር ጓንቱ ነው። ያለን አንድ ጓንት የተሰፋው ለግራ እጅ ስለሆነ፥ እርሷ እስካሁን ገልብጣ በቀኝ እጇ ታጠልቀው ነበር፤ አውራ ጣቷም ይቈስል ነበር። አሁን ወልቂጤ ላለ አንድ ቆዳ ሰፊ አሳይተነው እሰፋዋለሁ ብሎናል፤ ገንዘቡንም በየክፍሉ እያዋጣን ነው።