ነፋስ የሚፈለግበት ዓሣ ማጥመድ

በአሜሪካ የዳኮታ ሣራማ ሜዳ ላይ ነፋስን የሚገታ ዛፍ እምብዛም የለም። ከሜዳው የተነሣው ነፋስ ኦዋሂ የተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ሲደርስ ጀልባ የሚያንገላታ ማዕበል ያስነሣል። ሌላ ዓሣ አጥማጅ ቢሆን ዕቃውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ዋልአይ የተባለውን ዓሣ የሚያጠምደው ግን ማዕበሉ እስካላየለ ድረስ ነፋሱ ወደሚመታው ዳርቻ ይቀዝፋል።

ምስጢሩ የዓሣው ዓይን ነው። ዋልአይ ከዓይኑ ብሌን በስተጀርባ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለው፤ ሌሊት ባትሪ ሲበራበት እንደ ድመት ዓይን ያበራል። በድንግዝግዝ አጥርቶ ያያል፣ በጠራራ ፀሐይ ደግሞ ወደ ጥልቁ ይሸሻል። ማዕበል ዳርቻውን ሲያደፈርሰው ትናንሽ ዓሦች ማየት ይሳናቸዋል፤ ያኔ ዋልአይ በቀትርም ቢሆን ለአደን ወደ ዳር ይወጣል። ልምድ ያለው አጥማጅ መንጠቆውን የሚጥለው የደፈረሰውና የጠራው ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው።

በበጋ ጀልባዋ በዝግታ ትሄዳለች። እርሳስ የተያያዘበት ሽቦ የሐይቁን ወለል እየነካካ ይጎተታል፤ ከኋላው ብልጭ ድርግም የሚል ብረትና ትል የተሰካበት መንጠቆ ይከተላሉ።

ሐይቁን የፈጠረው የሚዙሪ ወንዝን የገታው ግድብ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. መርቀውታል። ውሃው ከፒር ከተማ አቅራቢያ እስከ ቢስማርክ ግድም 370 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። የዛሬው የመዝናኛ ስፍራ ዋጋ የተከፈለበት ነው፤ የስታንዲንግ ሮክና የሻያን ሪቨር ነባር ሕዝቦች ከ60 ሺህ ሔክታር በላይ መሬት ሰጥሞባቸዋል።

ዋልአይ የሚወፍረው ስሜልት በተባለ ትንሽ ዓሣ ነው። ስሜልት እ.ኤ.አ. በ1971 ከላይ ባለው የሳካካዊያ ሐይቅ ተለቅቆ፣ ወንዙን ተከትሎ ወደ ኦዋሂ የወረደ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. የ2011 ታላቅ ጎርፍ ግን ይህን መኖ በግድቡ በኩል ጠርጎ ወሰደው። በላተኛው በዝቶ ምግቡ ሲያንስ ዋልአይ ከሳ። የደቡብ ዳኮታ ግዛት የዓሣ መሥሪያ ቤትም ያልተለመደ እርምጃ ወሰደ፦ አንድ ሰው በቀን የሚይዘውን ከ4 ወደ 8 ከፍ አደረገ። አፍ መቀነስ ሲያስፈልግ ይህ ተገቢ ውሳኔ ነበር።

በደቡብ ዳኮታዋ ሱ ፎልስ ከተማ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ፒር ለመድረስ በመኪና አራት ሰዓት እንኳ አይፈጅባችሁም። ከመሄዳችሁ በፊት የማጥመጃ ፈቃድ አውጡ፣ የዓመቱን ገደብም አንብቡ፤ ጀልባ ላይ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሳትለብሱ እንዳትወጡ።