የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተርና የተማሪው ስም



በመጪው መንፈቅ ዓመት ለተግባር ልምምድ ከምትወጡት መካከል አንዳንዶቻችሁ ወደ ፋርጣ፣ ደራ፣ ላይ ጋይንት ወይም ስማዳ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ትመደባላችሁ። ባንክ ወይም ኢትዮ ቴሌኮም በደረሳቸው ጓደኞቹ የሚቀና ተማሪ አይጠፋም። በእኔ እምነት ግን ከባዱ የሙያችን ጥያቄ የሚገኘው እዚያው ወረዳ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ የታወቀ ነው፤ የማይነሣ ኮምፒውተር፣ ቀለም የጨረሰ ፕሪንተር፣ በፍላሽ የሚዛመት ቫይረስ። ፋይል ጠፋ ሲባል ብዙውን ጊዜ ቫይረሱ ደብቆት ነውና ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ከሞተ ማሽን ሚሞሪ ነቅሎ ለሌላው መግጠምም ቀላል ይመስላል። ዕቃው ግን በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 በአንድ ሠራተኛ ስም የወጣ ነው። ንብረት ክፍልን ሳታሳውቁ ብትነቅሉት ተጠያቂው ያ ሠራተኛ ይሆናል።

ዋናው ጉዳይ ግን የተማሪው መዝገብ ነው። ከትምህርት ቤት የተነሣ ቁጥርና ስም በወረዳ፣ በዞንና በክልል ቢሮ አልፎ ትምህርት ሚኒስቴር ይደርሳል። «ኃይሉ»ን አንዱ በ«ኃ»፣ ሌላው በ«ሀ»፣ ሦስተኛው በ«ሐ» ይጽፈዋል። ለአንባቢ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ ይበልጥ ይበዛል። የ8ኛ ክፍል ውጤቱና የ12ኛ ክፍል ምዝገባው ያልተገናኘለት ልጅ ማስረጃ ለማስተካከል ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል፤ የትራንስፖርቱን ወጪ የሚሸፍኑትም ወላጆቹ ናቸው። ስለዚህ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚመልስ ተጨማሪ ዓምድ አዘጋጁ። ተማሪው የጻፈውን ስም ግን አትንኩ።

የልደት ቀን ደግሞ የባሰ ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን ዘመን አቈጣጠር ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2002 ዓ.ም.ን «30/2/2002» ብላችሁ ብታስገቡ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ይህ እንኳ ይታያል። ጳጉሜን 3ን «3/13/2002» ብትሉት ግን በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ማሽን ማርች 13 ብሎ ይቀበለዋል፤ ቅር አይለውም! ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምዶች ለይታችሁ መዝግቡ፤ ወደ ሌላው አቈጣጠር መለወጥ የመጨረሻው ሥራ ይሁን።

የቈዩ ፋይሎችም ይገጥሟችኋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበሩትና በኋላም ለዓመታት ባልተተዉት ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ያለ ፎንቱ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። በመለወጫ ፕሮግራም ካሳለፋችሁት በኋላ ከወረቀቱ ሮስተር ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩት።

መረቡንስ? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ማንኛውንም አሠራር ስትነድፉ መረብ እንደሌለ ቈጥራችሁ ጀምሩ። በወንዛዬ ፍል ውኃ አካባቢ ያለ ርእሰ መምህር ቅጹን በፍላሽ ይዞ አንበሳሜ ቢመጣ፣ ፋይሉ ተረክቦ፣ ተመሳክሮ፣ ቅጂው በሁለት ቦታ ተቀምጦ በዚያው ቀን መመለስ መቻል አለበት።

ልምምዱ ሲያበቃ የትኛው ፋይል የት እንዳለ በአማርኛ ጽፋችሁ ለኃላፊው አስረክቡ፤ የይለፍ ቃሉንም በታሸገ ፖስታ።